ሂች ድሮፕ ምንድን ነው? ትሬይለርን በውሃ ልክ ለመጎተት ስንት ኢንች ያስፈልጋል?

ሂች ትሬይለርን ከመኪና ጋር የሚያያይዘው ዕቃ ነው። ከመኪናው ኋላ ባለው አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ ማለትም በሪሲቨሩ ውስጥ የሚገባውና ጫፉ ላይ ቦል (ድቡልቡሉ ብረት) የሚታሰርበት ብረት ቦል ማውንት ይባላል። ብረቱ ወደ ታች ከወረደ የወረደበት መጠን ድሮፕ ነው፣ ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ ራይዝ። የሚለካውም ሪሲቨሩ ውስጥ ከሚገባው ክፍል የላይኛው ፊት እስከ ቦሉ መቀመጫ የላይኛው ፊት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ባለ 2፣ ባለ 4፣ ባለ 6 ኢንች እየተባለ ይሸጣል። አገር ቤት ከባድ መኪና የሚጎትተው ተሳቢ በቀለበትና በፒን ስለሚያያዝ ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ የምናወራው ዕቃ፣ መኪና ወይም ጀልባ ስለሚጫንበት፣ በፒክአፕና በኤስዩቪ ስለሚጎተተው ባለ ቦል ትሬይለር ነው።

ትክክለኛው ድሮፕ በመኪናው ሞዴል አይታወቅም፤ በሜትር ነው የሚታወቀው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የጎማውን ንፋስ ሙሉ፣ ለጉዞ የሚጫነውንም ጫኑበት። ከዚያ ከመሬት እስከ ሪሲቨሩ ቀዳዳ የውስጥ ጣሪያ ለኩ። ትሬይለሩን ለብቻው በራሱ ክሪክ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ በውሃ ልክ አስተካክሉት። ውሃ ልኩን ዋናው ሻንሲ ላይ አስቀምጡ እንጂ ከፊት ወደ ካፕለሩ፣ ማለትም ቦሉ ላይ ቁጭ ወደሚለው የትሬይለሩ ጫፍ፣ በሚሄደው ብረት ላይ አትመኑ፤ አንዳንዱ ሲሠራ ጀምሮ ያዘነበለ ነው። አሁን ከመሬት እስከ ካፕለሩ የታችኛው ከንፈር ለኩ። ፒክአፑ 22፣ ካፕለሩ 18 ኢንች ከሆነ ልዩነቱ 4 ኢንች ድሮፕ ነው። ዝቅ ያለ ቫን 14 ኢንች ላይ ሆኖ ካፕለሩ 17 ከሆነ ደግሞ 3 ኢንች ራይዝ ይፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ትሬይለሩ ቦሉ ላይ ሲያርፍ መኪናው ከኋላ ይወርዳል። የትሬይለሩ አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጫፉ፣ ቦሉ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከትሬይለሩ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ 5,000 ፓውንድ የሚመዝን ትሬይለር ከ500 እስከ 750 ፓውንድ መኪናው ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። ባሌስትራው ጠንካራ የሆነ ፒክአፕ ይህን ብዙም ሳይወርድ ይሸከመዋል፤ ለስላሳ ኤስዩቪ ግን በግልጽ ዝቅ ይላል። ትሬይለሩ ሳይያያዝ ተለክቶ የተገዛ ድሮፕ ሲያያዝ አፍንጫ የሚደፋው ለዚህ ነው። ስለዚህ የወረደውን ያህል ከድሮፑ ቀንሱ፦ ልኩ 4 ኢንች ድሮፕ ሆኖ መኪናው 2 ኢንች ከወረደ ባለ 2 ኢንቹ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ድሮፕ የሚያስተካክለው የትሬይለሩን አቀማመጥ ብቻ ነው። መኪናው ከኋላ ተቀምጦ የፊት መብራቱ ሰማይ የሚያይ ከሆነ በፊት ጎማዎች ላይ የሚያርፈው ክብደት ቀንሷል፤ መሪው ይቀልላል፣ ፍሬኑም ይደክማል። ይህን ድሮፕ በመቀያየር መሸፈን አደገኛ ነው። መፍትሔው ጭነቱን መቀነስ ወይም እንደገና መደልደል፣ የመኪናው መመሪያ ከፈቀደም ክብደት የሚያከፋፍል ሂች መግጠም ነው።

የትሬይለር አፍንጫ ከሚደፋ ይልቅ ቀና ማለቱ ይከፋል። አፍንጫው ላይ ያለው ክብደት ይቀንስና በፍጥነት መንገድ ላይ ከወዲያ ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል። አፍንጫው በጣም የተደፋ ከሆነ ደግሞ ወደ ነዳጅ ማደያ ሲገባ ክሪኩ አስፋልቱን ይፍቃል። ሁለት አክስል ባለው ትሬይለር ጭነቱ ወደ አንዱ አክስል ያደላል፦ ቀና ሲል ወደ ኋለኛው፣ ሲደፋ ወደ ፊተኛው። የዚያ አክስል ጎማዎች ይግላሉ፣ ቀድመውም ይበላሉ። በባሌስትራ የተሠራውና አክስሎቹን የሚያገናኝ ማመጣጠኛ ያለው ትንሽ ይችለዋል፤ ቶርሽን አክስል (በባሌስትራ ፋንታ አክስሉ ውስጥ ባለ ላስቲክ የሚሠራው) ግን እያንዳንዱ ጎማ ለየብቻው ስለሚሠራ ማዘንበሉን አይምርም። ልኩ በሁለት መጠኖች መካከል ከወደቀ አንድ ኢንች ያህል ወደ ፊት የሚያስደፋውን ምረጡ እንጂ ቀና የሚያደርገውን አትምረጡ። የተለያየ ትሬይለር ለሚጎትት ሰው በፒን ከፍ ዝቅ የሚል ቦል ማውንት ከሦስት የተለያዩ ብረቶች ይሻላል፤ ዋጋው ከበድ ቢልም።

ቁመቱ ገጠመ ማለት ግን ብረቱ ይችላል ማለት አይደለም። መኪናው፣ ሪሲቨሩ፣ ቦል ማውንቱ፣ ቦሉና ካፕለሩ እያንዳንዳቸው የተጻፈ የክብደት ገደብ አላቸው፤ የሚወስነውም ትንሹ ቁጥር ነው። ባለ ድሮፑን ገልብጦ ራይዝ ማድረግ የሚቻለው አምራቹ ከፈቀደ ብቻ ነው። የቦሉ መጠን ካፕለሩ ላይ ተጽፏል፦ 1 7/8፣ 2 ወይም 2 5/16 ኢንች። 2 5/16 የሚፈልግ ካፕለር ባለ 2 ኢንች ቦል ላይ ቁጭ ሲል የገጠመ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ግን ያነሳዋል። የቦሉ ዳዶ በእጅ ግምት አይታሰርም። ግንዱ (ዳዶው የሚገባበት የታችኛው ክፍል) 1 ኢንች ለሆነ ቦል የተለመደው 250፣ ለ1 1/4 ኢንች ደግሞ 450 ፓውንድ ጫማ ስለሆነ የቶርክ ቁልፍ ያስፈልጋል።

ካያያዛችሁ በኋላ የትሬይለሩን ሻንሲ ከፊትና ከኋላ ጫፉ እስከ መሬት ለኩ፤ ልዩነቱ ከአንድ ኢንች ካለፈ ብረቱን ቀይሩ። ከመሬት እስከ መኪናው የፊት ጎማ የላይኛው ቅስት (ፓራፋንጎ) ያለውንም ከማያያዝ በፊትና በኋላ ለኩት፤ በደንብ ከፍ ካለ ችግሩ ከድሮፑ ሳይሆን ከክብደቱ ነው። ድሮፑን በለወጣችሁ ቁጥር የደህንነት ሰንሰለቶቹ ከካፕለሩ ሥር ተሻግረው መታሰራቸውን፣ ለመታጠፍ የሚበቃ ርዝመት እንዳላቸውና መሬት እንደማይጎተቱ እዩ።