ከቁጥር ታሪክ የሚወሩ ሦስት ስህተቶች

«ኮምፒውተርን የወለደው የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ማባዣ ነው»

ዘዴው እውነተኛ ነው፤ የተሳሳተው የዘር ሐረጉ ነው። 13ን በ24 ለማባዛት ሁለቱን ጎን ለጎን ይጻፉ። ግራውን እያጋመሱ ትርፉን ይጣሉ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። ቀኙን በእጥፍ ያሳድጉ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን ረድፍ ይሰርዙ፤ እዚህ የ6ን ረድፍ ማለት ነው። ከቀኝ የቀሩትን ይደምሩ፦ 24 + 96 + 192 = 312።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በመጀመሪያው ረድፍ ነው። 24ን «ጥያቄው ነው» ብለው ይዘሉትና 288 ያገኛሉ፤ ይህ የ12 × 24 ውጤት ነው። 13 ኢ-ተጋማሽ ስለሆነ 24 መደመር አለበት።

ዘዴው የሚሠራው 13 ማለት 8 + 4 + 1 ስለሆነ ነው። የተሰረዘው ረድፍ በድምሩ ውስጥ የሌለው 2 ነው። ኮምፒውተርም 13ን 1101 ብሎ ይይዛል፦ 8 አለ፣ 4 አለ፣ 2 የለም፣ 1 አለ። ዝምድናቸው ግን በአሠራር እንጂ በታሪክ አይደለም። እጥፍ እያደረጉ ማባዛት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አህሜስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ ላይ አለ። ይኸው እያጋመሱ ማባዛት በሩሲያ ገበሬዎች ስምም ይጠራል። ጀርመናዊው ሊቅ ላይብኒትዝ በ1703 እ.ኤ.አ. ስለ ባይናሪ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ስለሚጻፍ ቁጥር፣ ባሳተመው ጽሑፍ የጠቀሰው ደግሞ ይ ቺንግ የተባለውን ጥንታዊ የቻይና መጽሐፍ ምልክቶች ነው። ዘዴው በራሱ ድንቅ ስለሆነ ያልተረጋገጠ ታሪክ አያስፈልገውም፤ ለልጆች ሲያስተምሩት ምክንያቱን አብረው ያሳዩ።

«የፓይታጎረስን ቲዎረም ያገኘው ፓይታጎረስ ነው»

ቲዎረሙ ቀጥተኛ ማዕዘን ባለው ሦስት ማዕዘን የሁለቱ አጭር ጎኖች ካሬዎች ድምር ከረጅሙ ጎን ካሬ ጋር እኩል ነው ይላል። ግሪካዊው ፓይታጎረስ የኖረው በ6ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ከእሱ ከ1000 ዓመት በላይ ቀድሞ በባቢሎን የተጻፈ፣ ዛሬ በዬል ዩኒቨርሲቲ ያለ የሸክላ ጽላት ግን በዚሁ ሕግ የሚገኘውን የካሬ ሰያፍ ያሰላል። ለ2 ካሬ ሥር የሰጠው ዋጋ 1.414213 ገደማ ነው፤ እስከ አምስተኛው የአስርዮሽ ቦታ ትክክል ነው።

«የግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው ጎዶሎ ነው»

ዜሮ የሚያስፈልገው የምልክቱ ቦታ ዋጋውን ሲወስን ነው። በግዕዝ 20 ምልክቶች አሉ፤ ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ ፻ እና ፼። 105 እንደ አፋችን «መቶ አምስት»፣ ፻፭ ይባላል፤ ባዶ ቦታ የለውም። 2017 ደግሞ ፳፻፲፯ ነው። ስህተቱ የሚመጣው አሃዞቹን አንድ በአንድ ተክተው ፪፩፯ ብለው ሲጽፉ ነው። እውነተኛው ችግሩ በወረቀት ላይ ደርድሮ ለመደመርና ለማባዛት አለመመቸቱ ነው። ለዚያ የሚመቸው ዜሮ ያለበት፣ ቦታ ዋጋን የሚወስንበት አጻጻፍ ነው፤ ዜሮን እንደ ቁጥር ቆጥሮ ሕጎቹን የጻፈው ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ ነው፣ በ628 እ.ኤ.አ.። እሱም ቢሆን 0 ÷ 0 = 0 ብሎ ተሳስቷል።