ኦብፈስኬሽን፦ ማድበስበስ እንጂ መቆለፍ አይደለም

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ «ፉስከስ» ጠቆር ያለ፣ ጨለም ያለ ማለት ነው። በአማርኛ የሚቀርበው «ማድበስበስ» ነው። ፒያሳ ሱቅ የሚከራይ ሰው ውሉ ላይ «ኪራዩ እንደ ወቅቱ ሁኔታ ሊሻሻል ይችላል» የሚል ሐረግ ካገኘ የተድበሰበሰ ነገር ገጥሞታል። መቼ? በስንት በመቶ? በማን ውሳኔ? ውሸት የለበትም፣ ግልጽም አይደለም። ከሰምና ወርቅም ይለያል፤ ባለቅኔው ወርቁ እንዲገኝለት ይፈልጋል፣ አድበስባሹ ግን አይፈልግም።

በሶፍትዌር ሙያ ቃሉ ነውር የለውም። የአንድሮይድ መተግበሪያ ሲዘጋጅ አር8 የተባለው መሣሪያ ክላስና ፈንክሽን የሚባሉትን የኮዱን ክፍሎች ረጃጅም ስሞች «ኤ»፣ «ቢ» ወደሚሉ ነጠላ ፊደላት ይቀይራል። የመተግበሪያው ሥራ ያው ነው፤ ኮዱን ፈልፍሎ የሚያነብ ሰው ግን ይደናገራል። ይህን ከምስጠራ (ኢንክሪፕሽን) ጋር ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። ምስጠራን ለመፍታት ቁልፍ ያስፈልጋል፣ ይህን ለመፍታት ግን ትዕግሥት ብቻ። አር8 ኮዱ ውስጥ የተጻፈ የይለፍ ቃልን እንዳለ ስለሚተወው፣ ምስጢር ሰርቨር ላይ ይቀመጥ።

የስሞቹ መቀየር ለራሱ ለአዘጋጁም ጣጣ አለው። ጄሰን በተባለው ቅርጽ የመጣ መረጃን የሚያነበው ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) የክላሱን መስኮች በስማቸው የሚፈልግ ከሆነ፣ ስሙ ሲቀየር ዋጋው ባዶ ይሆናል፤ መፍትሔው አር8 ስማቸውን እንዳይነካ እነዚያን ክላሶች «ኪፕ» በተባለው ደንብ መጠበቅ ነው። የብልሽት ሪፖርት ለመፍታት ደግሞ የዚያው ቨርዥን የማፒንግ ፋይል፣ ማለትም የድሮና የአዲስ ስሞች ማዛመጃ ዝርዝር፣ ያስፈልጋል። መተግበሪያው እንደገና ሲገነባ (ቀጣዩ ቢልድ) በፋይሉ ላይ ስለሚጽፍበት ለእያንዳንዱ ቨርዥን ቅጂ ያስቀሩ።