ትራንስፈር ኬዝ ከማውረዳችሁ በፊት፤ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ትራንስፈር ኬዝ (በአጭሩ ትራንስፈር) ከካምቢዮ የሚመጣውን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍል ክፍል ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ስለ ቶዮታ ላንድክሩዘር 60 እና 70 ሲሪስ ነው፤ ማለትም ትራንስፈሩ ከካምቢዮ ጀርባ ስለታሰረ፣ በማርሽ ስለሚሠራና ሾፌሩ ራሱ በዱላ ፎር ዊል ስለሚያስገባበት ዓይነት። ሥራው በግቢ ውስጥ ይሠራል። ግን ብዙው ጉዳት የሚደርሰው ብሎን ከመፈታቱ በፊት በሚታመኑ ነገሮች ምክንያት ነው።

«ፎር ዊል ሲገባ መኪናው ይታነቃል፤ ትራንስፈሩ ተበላሽቷል»

በደረቅ አስፋልት ላይ ከሆነ ምንም አልተበላሸም። በዚህ ዓይነት ትራንስፈር ውስጥ መሐል ዲፈረንሻል፣ ማለትም የፊትና የኋላ ሻፍቶች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ክፍል፣ የለም። በኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይጓዛሉ፤ ልዩነቱ የሚወጣበት ስለሌለ ሁሉም እርስ በርሱ ይጨናነቃል። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ቀጥ ብላችሁ ስትነዱ ይለቃል። የፊት ጎማ ጨርሶ የማይጎትት ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ የጎማውን ሀብ (በጎማው መሐል ያለውን፣ ጎማውን ከአክሱ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል) እዩ፤ በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ ሳይቆለፍ ቀርቶ ይሆናል።

«ትራንስፈሩ ዘይት ከበዛበት ችግር የለም፤ ማነስ ነው የሚያሰጋው»

ይህ ከሁሉም በላይ ብዙ ካምቢዮ የሚያስበላ እምነት ነው። የትራንስፈሩን የዘይት መሙያ ብሎን ስትፈቱ ዘይቱ እየፈሰሰ ከወጣ፣ የካምቢዮው ደግሞ ጣት ሲገባ የማይነካ ከሆነ፣ ዘይቱ አልጠፋም፤ ተዛውሯል። የካምቢዮው ዘንግ ወደ ትራንስፈር የሚገባበት ቦታ ላይ ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት) ሲያልቅ የካምቢዮው ዘይት ቀስ በቀስ ወደ ትራንስፈር ይሄዳል። መሬት ላይ ጠብታ ስለማይታይ ማንም አይጠረጥርም። ካምቢዮው በደረቁ ይፈጫል፤ ትራንስፈሩ ደግሞ ከልክ በላይ ሞልቶ ስለሚግልና አረፋ ስለሚያወጣ በኋላ በኩል ባለው ፓራኦሊዮ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ያን ጊዜ የውጪው ፓራኦሊዮ ይቀየራል፤ ሳምንታት ሳይቆይ እንደገና ያፈሳል። ከትራንስፈር ቀድቶ ካምቢዮ ውስጥ መጨመርም ጊዜ መግዣ እንጂ ጥገና አይደለም። የውስጡን ፓራኦሊዮ ለመቀየር ትራንስፈሩ መውረድ አለበት። ከመወሰናችሁ በፊት ግን የትራንስፈሩን የአየር መተንፈሻ አጽዱ፤ በጭቃ ከተደፈነ የጋለው አየር መውጫ አጥቶ ደህና ፓራኦሊዮንም ይገፋል።

«ማርሽ አስገብቼዋለሁ፤ መኪናው አይንቀሳቀስም»

ፕሮፔለር ሻፍቶቹ (ከትራንስፈሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚወስዱት ዘንጎች) ከተፈቱ በኋላ ጎማውን ከሞተር ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም። ማርሽ ቢገባም መኪናው ይንከባለላል። በ40 ሲሪስ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ራሱ ትራንስፈሩ ጀርባ ላይ ነው፤ ሻፍቱ ሲወጣ ፍሬኑም ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ደልዳላ ቦታ፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ማገድ፣ መኪናውን በክሪክ ሳይሆን በጠንካራ መቆሚያ ማስቀመጥ ግድ ነው። ሻፍቶቹን ስትፈቱ (በብዛት 14 ቁጥር ነው) ፍላንጁና (ሻፍቱ በብሎን የሚታሰርበት ክብ ብረት) ሻፍቱ የሚገናኙበትን ምልክት አድርጉ፤ አለዚያ ሲመለስ በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ሁለት ሰው ይዞ ያወርደዋል»

ከ50 ኪሎ በላይ የሆነ ብረት ነው፤ ክብደቱም ወደ አንድ ጎን ያደላል። የካምቢዮ ክሪክ ተከራዩና በቀበቶ እሰሩት። ካምቢዮውንም በሌላ ክሪክና በጣውላ ደግፉ፤ ካምቢዮውን ከሥር የያዘው ተሸካሚ ሲወልቅ ሞተሩ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል የራዲያተር ጎማዎች ሊወጠሩና ማራገቢያው ከሽፋኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

በ60 ሲሪስ ብዙዎች የሚረሱት አለ፦ ብሎኖቹ ሁሉ ተፈትተው ትራንስፈሩ እምቢ ይላል። በካምቢዮው ዘንግ ጫፍ ላይ፣ ከጀርባው ክዳን ሥር፣ ዳዶ አለ። ክዳኑን አውልቁ፣ የዳዶውን ማቆሚያ አቅኑ፣ ከዚያ ፍቱት። በድንጋይ ወይም በመዶሻ ከተመታ የትራንስፈሩ ቤት ይሰነጠቃል እንጂ አይወጣም።

«ክፍተት ከቀረ በብሎኑ ይሳባል»

አይሳብም፤ ይሰበራል። ሲመለስ ትራንስፈሩ በእጅ ተገፍቶ ከካምቢዮው ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለበት። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከቀረ የዘንጉ ጥርሶች አልተገናኙም ወይም አንግሉ ተዛብቷል። ካምቢዮውን ማርሽ አስገቡ፣ የትራንስፈሩን ዱላ ሃይ (ፈጣኑ ማርሽ) ላይ አድርጉ፣ ከዚያ የኋላውን ፍላንጅ በእጅ ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ ግፉ። ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፍ መላ አለ፦ ያው ጥርስ ያላቸው ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ግዙ፣ ራሳቸውን ቁረጡ፣ በካምቢዮው ላይ በተቃራኒ ጎን አስገቡ። ትራንስፈሩ በእነርሱ ላይ ተንሸራቶ ይገባል፤ አዲሱም ፓራኦሊዮ አይጎዳም። የፓራኦሊዮውን ከንፈር ግን አስቀድማችሁ ዘይት ቀቡት።

«ሲሊኮን በበዛ ቁጥር አያፈስም»

ትራንስፈሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ፊት ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ መስመር ይበቃል። ትርፉ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይቆረጥና ከዘይቱ ጋር ይዞራል። ዋናው ፊቱ ከቅባት የጸዳና የደረቀ መሆኑ ነው።

«ከውጭ ከተመሳሰለ ይገጥማል»

ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የመግቢያውን ጥርሶች ቁጠሩ፣ የፊት ሻፍቱ በየትኛው ጎን እንደሚወጣ አስተያዩ፤ የ80 ሲሪስ ሁልጊዜ ፎር ዊል የሆነው ትራንስፈር መሐል ዲፈረንሻል ስላለው የተለየ ነው። ፍላንጆቹን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ፤ ከተወዛወዙ ኩሽኔታው አልቋል። ማፍሰሻ ብሎኑ ላይ የብረት ፍንካች ካለ ተዉት።

«ዘይት ዘይት ነው»

በማርሽ የሚሠራው የላንድክሩዘር ትራንስፈር 75ደብሊው-90 የማርሽ ዘይት ይጠጣል፤ በሰንሰለት የሚሠሩ እንደ ጂፕ ቼሮኪ ያሉት ግን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው የሚፈልጉት። አሮጌውን ከማፍሰሳችሁ በፊት የመሙያው ብሎን መፈታቱን አረጋግጡ፤ እምቢ ቢል ባዶ ትራንስፈር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ሙሉት፣ መሙያው አፍ ላይ ሲደርስና ሲንጠባጠብ አቁሙ። የካምቢዮውንም በዚያው ቀን እዩ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሁለቱንም ብሎኖች እንደገና ፍቱ፦ የአንዱ ወርዶ የሌላው ከጨመረ የውስጡ ፓራኦሊዮ አሁንም እያሳለፈ ነው።