ከ«አለማወቅ ደመና» የተቀዳ የአርምሞ ጸሎት

«ሴንተሪንግ ፕሬየር» በሚል ስም የሚታወቀው፣ በአማርኛ «ልቡናን የመሰብሰብ ጸሎት» ልንለው የምንችለው የአርምሞ ጸሎት፣ በ1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ስፔንሰር በሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ ገዳም፣ ትራፒስት በሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ተዘጋጀ። አቀራረቡ የዘመናችን ይሁን እንጂ ምንጩ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በእንግሊዝ የተጻፈና ደራሲው ስሙን የሰወረበት መጽሐፍ ነው።

«የአለማወቅ ደመና» የተባለው ይህ መጽሐፍ፣ ለአንድ የ24 ዓመት ደቀ መዝሙር የተሰጠ ምክር ሲሆን 75 አጫጭር ምዕራፎች አሉት። ትምህርቱ በዲዮናስዮስ ዘአርዮስፋጎስ ስም ከተጻፉት የጥንት ድርሳናት የተቀዳ ነው፦ እግዚአብሔር በፍቅር ይያዛል እንጂ በሐሳብ አይጨበጥም። ለጸሎት የቆመ ሰው በእርሱና በአምላኩ መካከል ጥቅጥቅ ያለ ደመና ያገኛል፤ በዕውቀቱ ሊገልጠው ቢሞክር አይችልም፣ በናፍቆት ግን ደጋግሞ ሊወጋው ይችላል። በራሱና በፍጥረት ሁሉ መካከል ደግሞ «የመርሳት ደመና» መዘርጋት አለበት፤ በጎና መንፈሳዊ የሚመስለው ሐሳብ እንኳ በጸሎቱ ሰዓት ከዚያ ደመና በታች ይቀራል። ለዚህ ሥራ አንዲት አጭር ቃል ትበቃዋለች። ደራሲው ለምሳሌ የሚጠቅሳቸው «እግዚአብሔር» እና «ፍቅር» የሚሉት ቃላት በእንግሊዝኛ አንድ አንድ ቀለም ብቻ አላቸው፤ ቃሉ ባጠረ ቁጥር ከልብ ወደ አምላክ የሚፈናጠር ጩኸት ይሆናልና።

መጽሐፉ ለሁሉም የተጻፈ አልነበረም። ደራሲው ገና በመግቢያው፣ ክርስቶስን ፍጹም ለመከተል ያልቆረጠ ሰው እንዳያነብበው፣ እንዳይገለብጠውም አጥብቆ ያስጠነቅቃል። የስፔንሰር መነኮሳት ያደረጉት ነገር ክብደቱ የሚታየው ይህን ማስጠንቀቂያ ስናስታውስ ነው።

በ1974 አባ ዊልያም ሜኒንገር የመጽሐፉን ቅጂ ከገዳሙ ቤተ መጻሕፍት አገኘና ትምህርቱን ለሱባዔ ወደ ገዳሙ ለሚመጡ ካህናት ማስተማር ጀመረ። የገዳሙ አበምኔት ቶማስ ኪቲንግና አባ ባሲል ፔኒንግተን አብረውት ሠሩ። ወቅቱ ብዙ ወጣት ካቶሊኮች ጸጥታን ፍለጋ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የተመስጦ መንገዶች የሚሄዱበት ነበር፤ መነኮሳቱን ያሳሰባቸውም የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ሀብት ለልጆቿ ተሰውሮ መቅረቱ ነበር። «ሴንተሪንግ ፕሬየር» የሚለው አዲሱ ስም መነሻው በ1968 ያረፈው ትራፒስቱ ቶማስ ሜርተን ስለ ጸሎት የጻፈው ነው። ኪቲንግ በ1981 አበምኔትነቱን ትቶ ኮሎራዶ ወደሚገኘው የስኖውማስ ገዳም ሄደ፤ በ1984 ትምህርቱን የሚያስፋፋ ማኅበር ተቋቋመ፤ እርሱም እስከ ዕረፍቱ እስከ 2018 ድረስ ዋነኛ መምህሩ ሆኖ ቆየ።

አፈጻጸሙ ቀላል ይመስላል። ጸላዩ አንዲት ቅድስት ቃል ይመርጣል፤ ዐይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ ቃሏን በልቡ በቀስታ ያሰማል። ሐሳብ ሲወስደው ራሱን ሳይወቅስ፣ ከሐሳቡም ሳይታገል፣ በቃሏ ይመለሳል። ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በዝምታ ተቀምጦ ይነሣል፤ ይህም በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሆን ይመከራል። ብዙዎች የሚስቱት ቃሏ ያለ ማቋረጥ የምትደገም መስሏቸው ነው። ቃሏ ጸላዩ እግዚአብሔር በውስጡ እንዲሠራ መፍቀዱን የምታመለክት ምልክት ናት፤ የምትጠራውም ልብ ሲባክን ነው። ስለዚህ መቶ ጊዜ ባክኖ መቶ ጊዜ የተመለሰ ሰው ጸሎቱ ከሸፈበት አይባልም፤ መመለሱ ራሱ ጸሎት ነውና።

ተቺዎች ዘዴው አእምሮን ባዶ ከማድረግ አይለይም፣ ከክርስቶስ ይልቅ ወደ ራስ ያዞራል ይላሉ። ቫቲካን በ1989 ስለ ክርስቲያናዊ ተመስጦ ባወጣችው ደብዳቤ፣ ጸሎት ወደ ቴክኒክ እንዳይወርድ አስጠንቅቃለች፤ ይህን ጸሎት ግን በስም አልጠቀሰችም። የመምህራኑ መልስ፣ ጸሎቱ ከቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ ጋር የተያያዘ እንጂ ብቻውን የቆመ አይደለም የሚል ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካርቱዚያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር መነኩሴ ጊጎ ዳግማዊ ንባብን፣ ማሰላሰልን፣ ጸሎትንና ተመስጦን የአንድ መሰላል አራት እርከኖች አድርጎ ስለጻፈ፣ መልሱ መሠረት አለው። የመጀመሪያዎቹን እርከኖች ዘሎ አራተኛው ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን የተቺዎቹ ሥጋት እውነተኛ ይመስለኛል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ በአንድ ላይ መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት፣ ከሶርያ አባቶች የመጡ ናቸው፤ የሶርያም የእንግሊዝም መንገድ ወደ ኋላ ሲከተሉት ወደ ግብፅ በረሃ አባቶች ይደርሳል። በእኛ ሊቃውንት ትምህርት የመንፈሳዊ ሕይወት መዓርጋት በንጽሐ ሥጋ፣ በንጽሐ ነፍስና በንጽሐ ልቡና ይከፈላሉ፤ የመጀመሪያው መዓርግ ጽማዌ፣ ማለትም ዝምታ ሲሆን፣ መድረሻው ንጻሬ ሥላሴ፣ ማለትም ሥላሴን ማየት ነው። ጽማዌ ከጾም፣ ከስግደትና ከመታዘዝ ተለይቶ አይሰጥም፤ መጻሕፍቱም በጉባኤ ቤት ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ ከነአንድምታቸው የሚሰሙ ናቸው።