የፍሬን ባላንስ ምንድን ነው?

«የኋላውን ታምቡር አስወጥቼ ዲስክ አስገጠምኩ፤ አሁን አራቱም ጎማ እኩል ስለሚይዝ ባላንሱ ተስተካክሏል።» (ታምቡር ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ እየተገፋ የሚይዝ፣ ዲስክ ደግሞ ሳህኑ ከሁለት ወገን ተቆንጥጦ የሚያዝበት የፍሬን ዓይነት ነው።) ይህን አባባል በቅርቡ ደጋግሜ ሰማሁ፤ የመጨረሻው ሰው ባለ ዲኤክስ ኮሮላ ነው። ወንድሜ፣ አራቱም እኩል ከያዙማ ባላንሱ ተበላሽቷል ማለት ነው።

የፍሬን ባላንስ እኩልነት አይደለም። የፊትም ሆነ የኋላ ጎማ መሬቱን በቆነጠጠበት ልክ ብቻ መያዙ ነው። (መኪናው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከሳበ ያ ሌላ ችግር ነው።)

በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ቁልቁለት የሚወርዱ ሰዎችን አስቡ። ሸክሙ ከፊት ባለው ትከሻ ላይ ይጫናል፤ የኋለኛው እግሩ ይቀላል። ያ ሰው ጉልበተኛ ነኝ ብሎ ወደ ኋላ አጥብቆ ቢጎትት እግሩ ይንሸራተታል፣ ቃሬዛውም ወደ ጎን ይዞራል። መኪናም እንዲሁ ነው። 900 ኪሎ የሚመዝን መኪና ቆሞ ሳለ 495 ኪሎው ፊት፣ 405 ኪሎው ኋላ ያርፋል እንበል። ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ወደ 165 ኪሎ ከኋላ ወደ ፊት ይዞራል፤ ኋላ የሚቀረው 240 ብቻ ነው። የፊት ጎማ ቀድሞ ቢቆለፍ (መዞሩን አቁሞ ቢንሸራተት) መኪናው መሪ አልታዘዝ ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የኋላው ቀድሞ ከተቆለፈ ግን መኪናው ራሱ ይሽከረከራል።

ፋብሪካው ይህን አውቆ ወደ ኋላ የሚሄደውን የዘይት ግፊት የሚገታ ቫልቭ አስገብቷል። ቫልቩ የተለካው ለታምቡር ነው። የታምቡር ሸራ ከታምቡሩ ጋር እየተጎተተ ራሱን ያጠብቃል፤ ዲስክ ይህ የለውም፤ ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚቆነጥጠው ክፍል) በውስጡ ባለው ፒስተን ስፋትና በዘይቱ ግፊት ብቻ ይሠራል። ትንሽ ፒስተን ያለው ካሊፐር ከተገጠመ ኋላው ለስሙ ብቻ ይኖራል፣ የፊቱ ሁሉን ይሸከማል። ከከበደ መኪና የተነቀለ ትልቅ ካሊፐር ከተገጠመ ደግሞ ያ የቃሬዛው ጉልበተኛ መጣ ማለት ነው።

የዲኤክሱ ሰው ያስገጠመው ሁለተኛውን ነበር። ዝናብ ባረጠበው ባዶ ሜዳ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን ሲረግጥ የመኪናው ጭራ ወደ ግራ ዞረ። ካሊፐሩ ብዙ ዘይት ስለሚጠጣ ፔዳሉም ከበፊቱ ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዘይቱን የሚገፋው የፍሬን ፖምፓ መጠን አልተቀየረማ።

ዲስክ ጥቅም የለውም አልልም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወረድ ሙቀትን ከታምቡር በተሻለ ያስወጣል። ግን አብዛኛውን የሚይዘው የፊቱ ነው፤ እዚያ ቁልቁለት ላይ የሚያድነው ደግሞ ዝቅተኛ ማርሽ ነው።

መቀየር የፈለገ ሰው የኋላውን ግፊት የሚያስተካክል፣ በእጅ የሚዞር ቫልቭ ያስገጥም። ባዶ ሜዳ ላይ፣ ደረቅም እርጥብም መሬት ላይ ይሞክር፤ የፊቱ ሁልጊዜ ቀድሞ መቆለፍ አለበት። ሙከራው ሹፌሩ ብቻውን ሆኖ ይደረግ፤ ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ኋላው ስለሚከብድ ውጤቱ ያታልላል። የእጅ ፍሬኑም ዳገት ላይ መያዙ ይረጋገጥ፤ ብዙ ካሊፐሮች የእጅ ፍሬን ገመድ የሚታሰርበት የላቸውም።