ህዋሳዊ ትንፈሳ ምንድን ነው?

ህዋሳዊ ትንፈሳ ማለት ሴል ግሉኮስ የተባለውን ስኳር ደረጃ በደረጃ ሰባብሮ፣ የሚወጣውን ጉልበት ኤቲፒ በተባለ ሞለኪውል የሚይዝበት ሂደት ነው። ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ነርቭም መልእክት የሚያስተላልፈው በኤቲፒ ነው። ሰውነት የሚያኖረው ኤቲፒ በጣም ጥቂት በመሆኑ ያለማቋረጥ ያድሰዋል፤ አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያድሰው ቢደመር የገዛ ክብደቱን ያህላል።

ሥራው የሚጀምረው በሳይቶፕላዝም (ሴሉን በሚሞላው ፈሳሽ) ውስጥ ግላይኮሊሲስ በተባለ ደረጃ ነው። ባለ 6 ካርቦኑ ግሉኮስ በ10 እርምጃዎች ባለ 3 ካርቦን ወደሆኑ ሁለት ፓይሩቬቶች ይከፈላል። መጀመሪያ 2 ኤቲፒ ወጪ ይደረጋል፣ በኋላ 4 ይገኛል፤ ትርፉ 2 ብቻ ነው። ቀይ የደም ሴል ማይቶኮንድሪያ (አብዛኛው ኤቲፒ የሚሠራበት የሴል ክፍል) ስለሌለው ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው በዚሁ ነው።

በሌሎቹ ሴሎች ፓይሩቬቱ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይገባና፣ የባዮኬሚስትሪ ሊቁ ሃንስ ክሬብስ በ1937 እ.ኤ.አ. በገለጸው ዑደት ካርቦኖቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነው ይወጣሉ። የምናስወጣው አየር ውስጥ ያለው ይህ ነው። የዑደቱ ዋና ጥቅም ግን ኤንኤዲና ኤፍኤዲ የተባሉ ተሸካሚዎችን ኤሌክትሮን ማስጫኑ ነው።

ብዙ ሰው ኦክስጅን ስኳሩን በቀጥታ የሚያቃጥል ይመስለዋል፤ እንዲያ አይደለም። ኤሌክትሮኖቹ በማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን ሲቀባበሉ፣ የሚለቁት ጉልበት ፕሮቶኖችን (የሃይድሮጅን አዮኖችን) ገፍቶ ከሽፋኑ ውጭ ያጠራቅማል። ፕሮቶኖቹ ተመልሰው ሲገቡ ኤቲፒ ሲንቴዝ የተባለውን ኢንዛይም እንደ ውሃ ወፍጮ ያሽከረክሩታል፤ ኤቲፒ የሚሠራው በዚህ መሽከርከር ነው። ኦክስጅን የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ነው፦ የደከሙትን ኤሌክትሮኖች ተቀብሎ ውሃ ይሆናል። ከአንድ ግሉኮስ በጠቅላላ 30 እስከ 32 ኤቲፒ ይገኛል። የቆዩ መማሪያዎች 36 ወይም 38 የሚሉት በሽፋኑ በኩል የሚሾልኩትንና ለማጓጓዣ የሚውሉትን ፕሮቶኖች ስላልቀነሱ ነው።

ኦክስጅን ሲጠፋ ኤሌክትሮን የሚረከብ አይኖርም፤ ተሸካሚዎቹ እንደተጫኑ ይቀራሉ፤ ባዶ ኤንኤዲ ካለቀ ደግሞ ግላይኮሊሲስም ይቆማል። በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ጡንቻ ፓይሩቬትን ወደ ላክቴት የሚቀይረው ኤንኤዲን ባዶ ለማድረግ ነው። በማግስቱ የሚሰማው የጡንቻ ሕመም ግን የላክቴት አይደለም፤ ላክቴት በአንድ ሰዓት አካባቢ ከደም ይጸዳል። እርሾ በበኩሉ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የጠላ አልኮልም ሆነ የእንጀራ ዓይን የሚመጡት ከዚህ ነው።

ሳይናይድ የተባለው መርዝ የሚገድለው ኦክስጅንን የሚጠቀመውን የመጨረሻውን ፕሮቲን ስለሚዘጋ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን ሞልቶት ሳለ ሴሉ ይታፈናል። መራራ ካሳቫ ሳይናይድ ስለሚለቅ ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ ተዘፍዝፎና በደንብ ደርቆ ነው መበላት ያለበት።

ቫይታሚን ቢ1 ሲጎድል ደግሞ ፓይሩቬት ወደ ዑደቱ መግባት ይቸግረዋል። በምግብ እጥረት ወይም በመጠጥ ለተጎዳ ታካሚ ግሉኮስ በደም ሥር ሲሰጥ ቢ1 አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ግሉኮሱ ብቻውን ከገባ የቀረችውን ቢ1 አሟጦ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል።