«ፊዚክስ ጭንቅላት ይጠይቃል» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

አራት ኪሎ አካባቢ ፊዚክስ ሳስጠና ዓመታት አለፉ። ተማሪው፣ ወላጁ፣ ካፌ ውስጥ አጠገቤ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰውዬ ሳይቀር ስለ ሳይንቲስቶች የሚያወሩልኝ ያንኑ ነው። ትናንሾቹን ቶሎ ልገላገላቸው።

«አንስታይን ሂሳብ ይወድቅ ነበር።» አልወደቀም። 15 ዓመት ሳይሞላው ካልኩለስ ተምሮ ጨርሷል። በ16 ዓመቱ ዙሪክ ሄዶ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ያላለፈው በሌሎቹ ትምህርቶች ነው። እባካችሁ ካርድ በመጣ ቁጥር ልጆቻችሁን በዚህ አታጽናኑ።

«ፖም የኒውተንን አናት መታው።» ሲወድቅ አየ ነው የሚባለው። ስለ ስበት የጻፈው መጽሐፍ እስኪወጣ ደግሞ 20 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ስለ ፖሟ ሁሉም ያወራል፣ ስለ 20ው ዓመት ማንም።

«ማሪ ኪዩሪ የባሏ ረዳት ነበረች።» የጨረር ጥናቱን የመረጠችውም የጀመረችውም እሷ ናት። ባሏ ፒየር ውጤቷን ሲያይ የራሱን ሥራ ትቶ ተከተላት። በ1903 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፊዚክስ ኖቤልን ከእሱና ከፊዚክስ ሊቁ ቤክረል ጋር ተካፈለች። በ1911 የኬሚስትሪውን ብቻዋን ወሰደች፤ ያኔ ፒየር ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። «ፊዚክስ ጭንቅላት ይጠይቃል።» ባለፈው አንዲት እናት የ11ኛ ክፍል ልጃቸውን ይዘው መጡ። ገና ሳይቀመጡ «መምህር፣ ይሄ ልጅ እንኳ ጭንቅላት የለውም፣ እንደው እንዲያልፍ ብቻ» አሉኝ። ልጁ አጠገባቸው ቆሟል! ጫማውን ያያል።

እስቲ ማሪ ኪዩሪ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። በ1896 ቤክረል ዩራኒየም ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ አገኘ። እሷ የጠየቀችው «ይህን የሚያደርገው ዩራኒየም ብቻ ነው?» ብላ ነው። ይህን ጥያቄ የ7ኛ ክፍል ልጅም ይጠይቃል። ነገሩ ያለው ከጥያቄው በኋላ ነው። ያገኘችውን ንጥረ ነገር ሁሉ እያመጣች ጨረሩን አንድ በአንድ ለካች። አብዛኛው ምንም አላሳየም። እሱንም መዘገበች። ክፍሉ ይበርዳል። በየካቲት 1898 ደብተሯ ላይ ሙቀቱ 6.25 ዲግሪ መሆኑን ጽፋ አጠገቡ አሥር ቃለ አጋኖ ደርድራለች። ተናዳለች ማለት ነው። ግን መለካቷን አላቆመችም።

ከዚያ ፒችብሌንድ የሚባለው የዩራኒየም ማዕድን ጨረሩ ከንጹሕ ዩራኒየም አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ የጠረጠረችው የራሷን ልኬት ነው። ደግማ ለካች። ያው ነው። እንግዲያው ውስጡ ማንም የማያውቀው ነገር አለ አለች። በዚያው ዓመት ፖሎኒየምና ራዲየም የሚባሉ ሁለት አዲስ ንጥረ ነገሮች ይፋ ሆኑ። ቀጥሎ የዓመታት ልፋት መጣ፦ ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ፣ ቁመቷን በሚያክል ብረት የፈላ ማዕድን ማማሰል። ያን ሁሉ ቶን አጣርታ በ1902 ያገኘችው የራዲየም ክሎራይድ 0.1 ግራም ነው።

«እንዲህ ያለ ዲሲፕሊን ጉጉትን ይገድላል» የሚሉም አሉ። እሷ ግን ማታ ማታ ከፒየር ጋር ወደዚያ መጋዘን ተመልሰው ጠርሙሶቹ በጨለማ ሲያበሩ ማየት ደስታቸው እንደነበር ጽፋለች። በ1933 ማድሪድ ላይ፣ በ65 ዓመቷ፣ ሳይንቲስት ተፈጥሮን እንደ ተረት የሚያይ ልጅ ነው ብላለች። ጉጉቷ የት ሞተ ታዲያ?

ወደ ልጁ ልመለስ። የአንድ ሜትር ክርና አንድ ዳዶ ሰጠሁት። «አንጠልጥለህ 20 ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ በስልክህ ለካ» አልኩት። 38 ሰከንድ አመጣ። መሆን ያለበት 40 አካባቢ ነው። «አየህ ቲቸር፣ እኔ ጭንቅላት የለኝም» አለ። አልመለስኩለትም። አሥር ጊዜ ለክተህ ሁሉንም ጻፍ አልኩት። እያጉረመረመ ሄደ። በማግስቱ ማታ ስልክ ደወለ፣ ሰላምታም የለ። «ቲቸር! ሁሌም የሚጎድለው ሁለት ሰከንድ ነው! አንድ ዙር ማለት ነው! ስለቀው አንድ ብዬ ነው የምጀምረው፣ ለካ ዜሮ ነው!»

እኔ ምንም አላስተማርኩትም። አሥሩን ቁጥር ቁጭ ብሎ ስለጻፈ ነው። አንዴ ለክቶ ቢተወው እስከ ዛሬ ጭንቅላት የሌለው ልጅ ነበር። ስለዚህ ወላጆች፣ ማስጠኛ ከመክፈላችሁ በፊት ደብተር ግዙለት፤ የተሳሳተውንም አይሰርዝ። ተማሪዎች፣ ፈተና ሲደርስ አሥር ሰዓት ከምትደቁሱ በየቀኑ አርባ ደቂቃ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሰዓት ለመለካት ካልሆነ።

አንድ ቀረችኝ። «ኪዩሪ ፓሪስ ተማሪ ሳለች በረሃብ እስክትወድቅ አጠናች»፤ አነቃቂ ተናጋሪዎች ይወዷታል። መውደቋ እውነት ነው። ቀጥሎ የሆነውን ግን አይናገሩም። ሐኪም የሆነው የእህቷ ባል ወደ ቤቱ ወስዶ ሥጋ አበላት፣ እንድትተኛም አደረገ። ያ ልጅም በባዶ ሆዱ ነበር የሚመጣልኝ። አሁን እናቱ በምሳ ዕቃ ፍርፍር ይልኩለታል። ግማሹን የምበላው እኔ ነኝ።